ፈንታን ስድስተኛ ያልኩበት ጉዳይ

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ከበደች፣ ጅቡቲ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ይቆጣሻል? ጋሽ ጂራታ እንዴት ነው? ሥራው እንዴት ይዞታል? ሚስጥርዬስ ትምህርት ጀመረች ወይስ አሁንም ደብተሯ ላይ አበባ ስትስል ትውላለች? የዚያ አገር ሙቀት መስከረም ላይ እንኳ ሰው ያስተነፍሳል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ግን እንደ መሥሪያ ቤት መግለጫ በጥቅሉ እንዳትወስጂው፤ ዝርዝሩ እየመጣ ነው። ዝናቡ ዘንድሮ መሄጃውን ረስቷል። የጓሮው በቆሎ እሸቱ ደርሷል፤ እማዬ የመጀመሪያውን ቆርጣ ስትጠብስ ያንቺን ድርሻ ጠርታ ለየችው፣ ከዚያ ጎረቤታችን ሰንበቴ በላችው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ይህን በስልክ ልነግርሽ ብዬ ስንት ጊዜ ቁጥርሽን አውጥቼ መልሻለሁ። በስልክ ብነግርሽ ግማሹን ሰምተሽ ትዘጊብኛለሽ፣ ሌላውን ግማሽ ሰንበቴ እንደፈለገች አድርጋ ትሞላልሻለች። ደብዳቤ ግን ተናደሽ ብትወረውሪውም ዞረሽ ታነሺዋለሽ። ስለዚህ ወደ ጅቡቲ በሚመላለሰው ሾፌር በቢሊሱማ እጅ ሰድጄልሻለሁ። ከሰው ሰምተሽ ከሆነም የሰማሽው እውነት ነው። በሬዲዮ፣ አገር ምድሩ እየሰማ፣ የሟቹ ወንድማችን የፈንታ አልበም የዓመቱ አንደኛ አይደለም፣ ስድስተኛ ነው ብያለሁ። እርግማንሽን ትንሽ አቆይተሽ ከሥሩ ስሚኝ።

ሐያሲ የሆንኩት ለምኜ አይደለም። ጳጉሜ ሊገባ ሲል የከተማችን ሬዲዮ ላይ የሙዚቃ ፕሮግራም የሚያቀርበው ይልቃል ወደ ሱቄ መጥቶ፣ አዲስ አበባ ያሉ ሐያስያን በየዓመቱ መጨረሻ አሥር ምርጥ አልበም ይመርጣሉ፣ እኛስ ጆሮ የለንም ወይ አለኝ። እኔ እንደምታውቂው ስልክ እጠግናለሁ፣ ሜሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ይልቃል ይህንኑ ሥራዬን ማይክ ፊት «የሙዚቃ ሥርጭት ባለሙያ» ብሎ ሲያስተዋውቀኝ ዞር ብዬ ሌላ ሰው ገባ እንዴ ብዬ አየሁ። ሁለተኛው ዳኛ የአማርኛ መምህሩ አቶ ስዩም ነበሩ። ሦስተኛው ከፈንታ ጋር ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት የነበረው በሺር ነው፤ ያ የበርታ ልጅ፣ እኛ ቤት ምሳ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣው።

ክርክራችን በጣም የተከበረ ነበር። አቶ ስዩም ያልገባቸውን ዘፈን «ጥልቅ» ይሉታል፣ የገባቸውን ደግሞ «ተራ»። በሺር መለኪያው አንድ ብቻ ነው፤ «ሠርግ ላይ ሴቶቹ ተነሳ ወይስ አልተነሳም? ተነሳ ከሆነ ጥሩ ነው፣ አልተነሳም ከሆነ ውሰድ!» ይላል። አንድ አልበም ነበር፣ አሥራ አራት ዘፈን አለው፣ አሥራ ሦስቱ ስለ ዓይን ነው። በሺር ይሄ ሰውዬ ዘፋኝ አይደለም፣ የዓይን ሐኪም ነው አለ። አቶ ስዩም ዓይን እዚህ ላይ ተምሳሌት ነው አሉ። አሥራ ሦስት ጊዜ? አልኳቸው። ተምሳሌቱ ጠልቆ ነው አሉኝ። ቆይቶም የያዙት ዝርዝር በቴሌግራም ከወጣው የአዲስ አበባዎቹ ዝርዝር ጋር እስከ ቅደም ተከተሉ አንድ ሆኖ ተገኘ። ይህን ባነሳባቸው መነጽራቸውን አውልቀው እያበሱ፣ እውነት አንድ ስለሆነች ነው አሉኝ።

በመጨረሻ የፈንታ ተራ ደረሰ። እንደምታውቂው ድምፁን ቀድቶ የጨረሰው ታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ጥር ላይ ያ ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ወሰደብን። አልበሙን አዲስ አበባ ያለው አቀናባሪ ከፋሲካ በኋላ አወጣው። አቶ ስዩም በዚህ አልበም ላይ መከራከር ነውር ነው፣ ያለ ድምፅ አሰጣጥ አንደኛ ይሁን፣ አስቀድመን ግን የኅሊና ጸሎት እናድርግ ብለው ተነሱ። ሁላችንም ተነስተን ዝም አልን። እትዬ፣ ሬዲዮ ላይ ዝም ማለት ምን እንደሚያመጣ ያኔ ነው ያወቅኩት። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ቴክኒሻን ማይኩ የተበላሸ መስሎት የዶሮ መኖ ማስታወቂያ ለቀቀ። በወንድማችን ጸሎት መሀል አውራ ዶሮ ጮኸ። ፈንታ ይህን ቢሰማ ኖሮ ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ነበር የሚወድቀው። በሺር ከንፈሩን ነክሶ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሳቅ ይሁን ለቅሶ እሱም ያወቀው አይመስለኝም።

እኔም ሳቄ ሳያልቅ እሱ ራሱ ትዝ አለኝ። ፈንታ ሠርግ ላይ ዘፍኖ ሲወርድ፣ ሰው እያጨበጨበለት፣ ላቡን ሳይጠርግ ወደ እኔ መጥቶ «የቱ ጋ ነው ያበላሸሁት?» እንደሚለኝ ታስታውሻለሽ። ሌላ ሰው አይጠይቅም፣ እኔን ነው። እነግረዋለሁ፣ ይሰድበኛል፣ ለሚቀጥለው ሠርግ አስተካክሎት ይመጣል። ከሞተ ወዲህ ግን ያገኘሁት ሰው ሁሉ አንድም ያበላሸው ቦታ የለም ይለኛል። ልጁን ቀብረን ስንመለስ ስህተቱንም አብረን ቀብረን ነው መሰል፣ ከዚያ ወዲህ የሚያወሩልኝን ፈንታ አላውቀውም። ስለዚህ ማይኩን ሳብኩና የጠየቀኝን መለስኩለት።

መግቢያው ላይ አቀናባሪው የነጎድጓድ ድምፅና የሚያለቅስ ሰው ጨምሮበታል፤ ይህ የፈንታ አይደለም አልኩ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ትንፋሹ ያጥራል፣ ድምፁን ሳያሟሽ ነው የገባበት አልኩ። ሌሎች ሁለት ዘፈኖች ደግሞ ካንዱ ሠርግ ወደ ሌላው ሠርግ ሲሮጥ መንገድ ላይ የሠራቸው ነው የሚመስሉት። አራተኛው ግን ዘንድሮ ከሰማሁት ዘፈን ሁሉ ይበልጣል። እሱን ከበሺር አጎት መንደር ሰዎች ጋር የሠራው ነው፤ አዝመራ ከገባ በኋላ፣ የቅሉን መለከት ዙምባራን ካስቀመጡበት የሚያወርዱበትን ጊዜ ጠብቆ ሄዶ። እያንዳንዱ ሰው የሚነፋው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ዜማ የሚሆነው ሁሉም በየተራው ሲገባ ነው። ፈንታ በዚያ መሀል ድምፁን እንደ አንዱ መለከት አድርጎ ይገባል፣ ይወጣል። በአንድ እንዲህ ያለ ዘፈንና በአንድ የውሸት ለቅሶ መካከል አስልቼ ስድስተኛ ነው አልኩ።

አቶ ስዩም የሟች ወንድም እንደመሆንዎ ከዚህ ውሳኔ ራስዎን ማግለል ይገባዎታል አሉኝ። አንደኛ ብል ኖሮ ያገሉኝ ነበር? አልኳቸው። በሺር ከመቀመጫው ተነስቶ «አንተ ወንድም ነህ ወይስ ጉምሩክ? ሁሉን ትፈትሻለህ! እናትህ ቤት ነው፣ ይሰማል፣ ወላሂ ነውር ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም በሙሉ ልብ፣ የኛ ቤት ሐዘን ላይ ነው፣ ከጥር ጀምሮ ሬዲዮ ተከፍቶበት አያውቅም፣ እማዬ አትሰማም አልኩት። ይህንንም ያልኩት ማይኩ ተከፍቶ ነው። ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩና ይልቃል ፈንታን የዓመቱ አንደኛ ብሎ አወጀ።

እማዬ ሰምታለች። ሰንበቴ መጥታ፣ ዛሬ ልጅሽ አንደኛ ይወጣል፣ ለአንድ ሰዓት ብትከፍቺው ሐዘን አይፈርስም ብላ ጎትጉታታለች። እማዬ ሬዲዮኑን ከተጠቀለለበት ጨርቅ አውጥታ፣ ጎረቤት የሐዘን ቤት ሬዲዮ ከፈተ እንዳይላት ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችው። አንዱን ልጇን ሌላው ልጇ ዝቅ ሲያደርገው ሰማች። ከዚያ መልሳ በጨርቁ ጠቀለለችው።

ያን ቀን ቤት ስገባ አላየችኝም። ምግቤ ተከድኖ ጠበቀኝ፣ ብላ የሚለኝ ግን አልነበረም። በስሜ መጥራቷን ተወች፤ ለሰንበቴ ስትናገር «ያ ሰውዬ መጣ» ስትል ሰማኋት። የእንቁጣጣሽ ጧት ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። እትዬ፣ ያለ እማዬ ምርቃት ወደ አዲስ ዓመት ስገባ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከምኑ እንደምጀምረው አላውቅበት አልኩ። ከተማው ደግሞ ስም አወጣልኝ። የባጃጅ ሾፌሮች «ስድስተኛ! ወዴት ነህ?» ይሉኛል። ሰንበቴም አጥር ላይ ተደግፋ፣ ሙት ላይ የሚቀና ሰው ያየሁት አንተን ነው አለችኝ።

ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ሁለት ጊዜ ደጃፏ ላይ ቆሜያለሁ። ይቅርታ ብል ግን አንደኛ ነው ማለቴ ነው፣ አንደኛ ነው ብል ደግሞ ፈንታን ከሚያጨበጭቡት ጋር ሆኜ ልሸኘው ነው። እግሬ አልገባ አለኝ።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ እማዬ ሱቄ ድረስ መጣች። ሱቄን ከከፈትኩ ጀምሮ እግሯ ረግጦት አያውቅም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ ገባች። ደንበኛው ወንበሩን ለቀቀላት። እኔን ሳታይ፣ የተሰቀሉትን ቻርጀሮች እያየች፣ አርባ ዓመት አሶሳ ኖራ ባልለቀቃት የወሎ አነጋገሯ፣ «ይህ ሱቅ ነው፣ ቤት አይደለም። የቤቴን ሐዘን አላፈርስም። ክፈተው» አለችኝ። ለካ አልበሙን ሰምታው አታውቅም። የሐዘን ቤት ስለሆነ ማንም አላሰማትም፣ እሷም አልጠየቀችም። የሰማችው ፈንታ ጓሮ ሲለማመድ ብቻ ነው።

ከፈትኩት። ነጎድጓዱ መጣ፣ ሰውዬው ማልቀስ ጀመረ። ማነው ይሄ የሚያለቅሰው? አለች። አቀናባሪው ያመጣው ሰው ነው አልኳት። ትንሽ አዳመጠችውና «ለቅሶ ላይ አላየሁትም፤ እለፈው» አለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች ሰማች። ሦስተኛው ላይ እጇን አነሳች። ይህን የቀዳው መቼ ነው አለች። ታኅሣሥ መጨረሻ፣ የመጨረሻው ቀን አልኳት። ያን ዕለት ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ጋቢ ደርቦ ነው የወጣው፣ አትሂድ ብዬው ነበር፣ ሰዎቹ ይጠብቁኛል አለኝ አለች። እኔ በሬዲዮ ሳያሟሽ ገባ ያልኩት ድምፅ፣ ትኩሳቱን ይዞ የቆመበት ድምፅ ነበር።

እማዬ፣ ስድስተኛ ማለቴን አነሳለሁ አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ፤ ከጳጉሜ ወዲህ ስታየኝ ያኔ ገና ነው። «ለምን? ትንፋሹ አላጠረም?» አለች። አጥሯል አልኳት። «እንግዲያው ምኑን ነው የምታነሳው? የታመመው ልጄ ነው። ዘፈኑን ገዝቶ የሚሰማው ሰው መታመሙን በምን ያውቃል?» ብላ ወደ ቻርጀሮቹ ዞረች። አራተኛው ዘፈን ሲገባ፣ ዙምባራው አንድ አንድ እያለ ሲነሳ፣ እግሯ መሬቱን ሲመታ አየሁት። እሷም አየችው መሰለኝ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጉልበቷን ሸፈነች። እግሯ ግን ነጠላው ሥር አላረፈም።

ሲያልቅ፣ ስድስተኛ ያልከው ከማን ከማን በታች ነው? አለችኝ። አምስቱን ጠራሁላት። ነገ ከምሳ በኋላ እመጣለሁ ብላ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።

እትዬ፣ እስከ መስቀል ድረስ እማዬ በየቀኑ ሱቄ እየመጣች፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ ከልጇ በላይ ያደረግኳቸውን አልበሞች አንድ በአንድ ከዳር እስከ ዳር ሰማች። ደንበኛ ዘፈን ሊያስጭን መጥቶ እማዬን ሲያይ ለቅሶ ቤት የገባ መስሎት «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል። ሰንበቴ በመጀመሪያው ቀን ልታስጥላት መጣች፣ በሁለተኛው የራሷን በርጩማ ይዛ መጣች። ያን የዓይን ሐኪሙን አምስተኛ አድርጌው ነበር፤ እማዬ እሱን ስትሰማ፣ ይህን ከልጄ ስታስበልጥ ምን ነክቶህ ነበር? አለችኝ። እኔም ስለ ኪቦርዱ ላስረዳ ስል፣ ኪቦርዱን ማን ጠየቀህ አለች። የሚቀጥለውን፣ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ግን ማንንም አያውቅም፣ ለራሱ ነው የሚዘፍነው አለችው። አንዲት ልጅ አለች፣ ስለ ሞተች ጓደኛዋ የዘፈነች። እማዬ እሷን ስትሰማ እንባዋ ወረደ፣ ሰንበቴም ተከተለቻት። አልቅሳ ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ይህቺ ትበልጠዋለች አለች። ስትለው ቀላል አልነበረም፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጎረበጣት። ግን አለችው።

በመጨረሻው ቀን ፍርዱን ሰጠች። «ሁለቱ ይበልጡታል። ሦስቱን ዝቅ አድርጋቸው። ሦስተኛ ነው፣ በቃሉ» አለችኝ። በስሜ ጠራችኝ፣ እትዬ።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጫማዋን አጥባ ሬዲዮ ጣቢያው ልትሄድ ተነሳች፣ እኔም ተከተልኳት። ይልቃል ሊወቅሱኝ መጡ ብሎ ደንግጦ፣ እማማ፣ እኔ እኮ አንደኛ ነው ያደረግኩት አላት። ለሱ ነው የመጣሁት፣ በዝቷል አለችው። ደረጃዬ ዝቅ አለ ብሎ የሚጣላኝ ሞልቷል፣ በዛብኝ ብሎ የመጣ ግን አላየሁም አላት። እማዬም፣ «አንደኛውን የሰጣችሁት ለሬሳው ነው። ለልጄ ሦስተኛውን ስጡልኝ» አለችው። ይልቃል የፕሮግራሙን ወረቀት አገላበጠ። ከዚያም፣ የዓመቱ ዝርዝር እኮ ተዘግቷል፣ ዓመቱ አልቋል አላት። የኔ ዓመት ገና ጥር ላይ ነው የሚያልቀው አለችው። ስለዚህ የፈንታ ሙት ዓመት ከዋለ በኋላ ፕሮግራሙ እንደገና ሊከፈት፣ እማዬም አራተኛዋ ዳኛ ሆና ልትቀመጥ ተስማሙ። አቶ ስዩም ይህ የአሠራር ጥያቄ ያስነሳል ብለዋል። በሺር ግን ሲሰማ መጥቶ እማዬን አቅፎ፣ «እማማ ልክ ነው! ሦስተኛ ጥሩ ነው፣ ሦስተኛ የሰው ነው!» አለ። ምሳም በላ።

እትዬ፣ አልበሙን በሜሞሪ ጭኜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አንቺም ቤትሽ ሐዘን ነው ብለሽ እንዳልሰማሽው አውቃለሁ። እማዬ ከቤት ውጭ ትስማው ብላለች፤ ሥራ ቦታም ሆነ ባሕሩ ዳር። አልቃሹን ሰውዬ አውጥቼልሻለሁ። ሦስተኛው ላይ አይዞሽ። ሰምተሽ ስትጨርሺ ስንተኛ እንደሆነ ጻፊልን። እማዬ አጥብቃ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ነው፤ «እያለቀሰች አንደኛ እንዳትል ንገራት» ብላኛለች። እኔ ከስድስተኛ ወደ አምስተኛ ከፍ አድርጌዋለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን አልነቃነቅም። እማዬ በየእራቱ ሦስተኛ ነው ትለኛለች፣ ሁለቱ ዘፈኖች ተቻኩለዋል እላታለሁ፣ አንተ መቼ ነው ዘፍነህ የምታውቀው ትለኛለች። ወጡ እስኪቀዘቅዝ እንጨቃጨቃለን። ከጥር ወዲህ ስሙ እዚህ ቤት ተነስቶ፣ ሳይለቀስ እራት ሲያልቅ አሁን ገና ነው።

ጋሽ ጂራታን በጣም አድርገሽ ሳሚልኝ፤ እሱም ይስማውና የራሱን ይላክ፣ አማች ነህ ብሎ የሚያገለው የለም። ሚስጥርዬን ሁለት ጉንጯን ሳሚያት፣ ለደብተሯ አበባ እርሳስ እልክላታለሁ። ከአንቺ ጋር ለሚሠሩት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እማዬ ጉንጭሽን ግንባርሽን ትላለች፣ ወገብሽን በሙቅ ጨርቅ ያዢው ትላለች። ሰንበቴ የእሸትሽን ነገር አታንሺባት እንጂ ሰላም ብላሻለች። በሺር ሰላም ይልሻል፤ ይህን ስጽፍ ምሳ ሰዓት ስለደረሰ እዚሁ ነው።

በጤና ቆይልኝ።

ወንድምሽ በቃሉ
አሶሳ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.